የዕለቱን ዳዊት ስደግም ሐሳቤ ይበተናል

ጥያቄ፦ አባቴ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት የዕለቱን ዳዊት እደግማለሁ። ስጨርስ ግን ያነበብኩትን አላስታውስም። ጥቅም ይኖረዋል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ይኖረዋል፤ እንዲያቋርጡ አልመክርም። ያስቸገረዎት ጥድፊያው ይመስለኛል። የሰኞው ድርሻ ብቻ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ነው፤ ዓይን ሰዓት ላይ ተሰክቶ ይህን ሁሉ በልብ ማንበብ ይከብዳል። ከንስሐ አባትዎ ጋር ተመካክረው ለጊዜው አንድ ሁለት መዝሙር፣ ድምፅዎን አውጥተው፣ በሚገባዎት ቋንቋ ይድገሙ። ልብዎን የነካው ቁጥር ላይ ቆም ይበሉና ያንኑ ቃል ይዘው ይዋሉ። ወረፋ ሲረዝም፣ ንዴት ሲመጣ ቶሎ ወደ አፍዎ የሚመጣው እሱ ይሆናል፤ የዕለት ንባብ ትልቁ ፍሬም ይህ ትዕግሥት ነው። ምሥጢሩ ለከበደዎት ቃል የአንድምታ መምህር ይጠይቁ። ሐሳብዎ በሥራም የሚበተን፣ እንቅልፍም የሚነሣዎት ከሆነ ግን ሐኪም ያማክሩ።