ስለ ስፖንጅ ፍራሽ ንጽሕና

ልጆች ሆይ፥ ሰው በየሌሊቱ የሚያርፍበትን መኝታ በንጽሕና መጠበቅ ይገባዋል። የቀድሞ ሰዎች በመደብ ላይ ሰሌንና ቁርበት አንጥፈው ይተኙ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ቤት የስፖንጅ ፍራሽ ይገኛል። ይህ ስፖንጅ የሚሠራበት ነገር ፖሊዩሬቴን ይባላል፤ እርሱንም ኦቶ ባየር የሚባል የጀርመን ሊቅ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋራ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. አገኘው። ስፖንጁ የሚለሰልሰው በውስጡ አየር የያዙ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ነው። ነገር ግን አየር በሚገባበት ቀዳዳ ውሃም ላብም ይገባል።

አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ሌሊት በእንቅልፉ ፍራሹን አረጠበ። በነቃም ጊዜ እጅግ አፈረ። ለእናቱም ሳይነግር ፍራሹን ገለበጠና ሌላ አንሶላ አንጥፎበት ወደ ትምህርት ቤት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ክፍሉ ሁሉ ሸተተ። እናቱም ፍራሹን ብታነሣው ነገሩን ዐወቀች።

ልጁ ይቈጡኛል ብሎ ሲንቀጠቀጥ ሳለ እናቱ፥ «ልጄ፥ በእንቅልፍህ የሆነው ጥፋት አይደለም፤ መሸሸግህ ግን ፍራሹን ጐዳው። በዚያው ማለዳ ነግረኸኝ ቢሆን በጥቂት ድካም ይጸዳ ነበር፤ አሁን ግን ብዙ ያደክመናል። በል፥ አብረን እናጽዳው» አለችው።

ከዚህ በኋላ እንዲህ ስትል አስተማረችው። «ፍራሹ ገና እርጥብ ሳለ በደረቅ ጨርቅ እየተጫንህ ምጠጠው እንጂ አትፈትገው፤ ብትፈትገው እድፉ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ቀጥሎ አንድ እጅ አቼቶ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ጋራ ቀላቅለህ፥ ጨርቅ ነክረህና ጨምቀህ ጥረገው። ፍራሹን ከቶ በውሃ አትዘፍዝፈው፤ ወደ ውስጥ የገባ ውሃ ቶሎ አይወጣምና ይሻግታል። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንስበት፤ ለጥቂት ሰዓት ካደረ ወይም ከዋለ በኋላ በብሩሽ አራግፈው፤ እርሱ ሽታውን ይወስዳል። በመጨረሻም ነፋስ በሚያገኘው ጥላ አቁመህ እስከ ውስጡ ይድረቅ። ብዙ ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ስፖንጅ ይቢጫል፥ ይፈረፈራልም። ወደ እሳት ግን ፈጽሞ አታስጠጋው፤ ፈጥኖ ይነዳል፥ ጢሱም መርዝ ነው።»

ፍራሹ በደረቀ ጊዜ የሚወልቅና የሚታጠብ ልባስ ሰፋችለት። ልባሱ ላብንና አቧራን ይቀበላል፤ እርሱን ማጠብ ፍራሹን ከማጠብ ይቀላልና።

ከወር በኋላ ያው ነገር ደረሰበት። አሁን ግን በማለዳ ተነሥቶ፥ «እማዬ፥ ፍራሹ ረጥቧል» አላት። ጨርቁንም ራሱ አመጣ። ሥራው ከቁርስ በፊት አለቀ፤ ሽታም አልቀረ።

ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት አስቡ። እድፍ በቶሎ ሲገለጥ በቶሎ ይጸዳል፤ ጥፋትም እንዲሁ ነው።

ጥያቄ።
1. ፍራሹ ክፍሉን ያሸተተው ስለ ምን ነው?
2. ስፖንጅ በውሃ የማይዘፈዘፈው ለምንድር ነው?
3. ልጁ በሁለተኛው ጊዜ ምን አደረገ?