የይርጋጨፌ ቡና ጣዕምና የስሙ ጥቅም

በኮተቤና በእንጦጦ ኮረብቶች ላይ ባሕር ዛፍ እንጂ ቡና አይበቅልም። ይሁን እንጂ በኮተቤ ቡና ለመግዛት ወደ ሱቅ የገባ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ «የየት አገር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ባለሱቁ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እውነተኛ መሆን አለመሆኑ ከታላቁ ላኪ እስከ ትንሹ ቸርቻሪ ድረስ የሚደርስ ጉዳይ ስለሆነ፣ የይርጋጨፌ ቡና ምሳሌ ሆኖ ከዚህ በታች ይቀርባል።

ይርጋጨፌ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጌዴኦ ዞን ይገኛል። ቡናው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 እስከ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ምድር፣ ከእንሰት ጋራ በጥላ ዛፍ ሥር ይለማል። ይኸው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የደጋው ቅዝቃዜ ፍሬው ቀስ ብሎ እንዲበስል ስለሚያደርግ ጣዕሙና መዓዛው ይዳብራል።

የታጠበ ቡና ለማዘጋጀት ቀዩ እሸት እንደ ተለቀመ ልጣጩ ይገፈፋል፤ በፍሬው ላይ የሚቀረው የሚያሙለጨልጭ ነገር እስኪለቅ ድረስ በገንዳ ይብላላል፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በአልጋ ላይ ይሰጣል። በዚህ አኳኋን የተዘጋጀ መልካም የይርጋጨፌ ቡና ሲቀመስ የአበባ መዓዛና የሎሚ ቃና ይሰጣል፤ በአፍም ላይ እንደ ሻይ ቀላል ነው። የሐረር ቡና ግን ከነልጣጩ በፀሐይ ስለሚደርቅ ጣዕሙ ወደ ወይንና ወደ ፍራፍሬ ያደላል። ሁለቱም ምስጉን ናቸው፤ ነገር ግን አንደኛው በሌላው ስም ሊሸጥ አይገባውም።

ስም ሀብት መሆኑን መንግሥት በመገንዘብ በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ አመለከተ። ከብዙ ክርክርም በኋላ በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋራ ስምምነት ተደረገ።

ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ሲሸጥ፣ በየአካባቢውና በየደረጃው ተመድቦ ይከማች ስለነበረ፣ ገዢው የአምራቹን ማንነት ለማወቅ ይቸገር ነበር። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ በኋላ ግን አምራቹ የራሱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ አገር የሚልክበት መንገድ ሰፋ።

የዚህም ፍሬ በ2012 ዓ.ም. ታየ። በቡና ቅምሻ ሥርዓት ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ልዩ ቡና ይባላል። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለ ውድድር፣ የሲዳማው ገበሬ የአቶ ንጉሤ ገመዳ ቡና 91.04 ነጥብ አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ በጨረታም አንዱ ፓውንድ፣ ማለት ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ በ185.10 ዶላር ተሸጠ። ይህ ቡና ከሌላ ጋራ ተደባልቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ዋጋ ባላገኘም ነበር።

ስለዚህ ነጋዴ ሦስት ነገሮችን ሊጠብቅ ይገባዋል።

አንደኛ፣ የቡናው ወረዳ፣ የታጠበበት ጣቢያና የምርት ዘመኑ በጆንያው ላይ ተጽፎ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ቡና ሽታ ስለሚስብ ከሳሙና፣ ከበርበሬና ከላምባ ርቆ ይከማች።

ሦስተኛ፣ የሁለት አገር ቡና የሚደባልቅ ሰው ድብልቅ መሆኑን ለገዢው ይንገር።

ድብልቁን በይርጋጨፌ ስም የሚሸጥ ሰው ለአንድ ቀን ያተርፍ ይሆናል። ደንበኛው ግን ቤቱ ገብቶ ቡናውን አፍልቶ በቀመሰ ጊዜ ነገሩ ይገለጣል፤ በማግሥቱም «የየት አገር ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ከሌላ ሱቅ ሄዶ ነው።