ከውዳቂ ብረት ጋር የሚጓዝ ፈንጂ፦ ኬሚስትሪውና የጉምሩክ ፍተሻው

በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ ገበያ ዳር የተከመረ ውዳቂ ብረት ምን ምን ይዟል? የተሰበረ ባሌስትራ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ከአገልግሎት የወጣ የቡና መፈልፈያ ማሽን። ከፊሉን ቀጥቃጭ ማረሻና ማጭድ ያደርገዋል፤ ቀሪው በጭነት መኪና ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ይጓዛል። ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር የሚገባ ቁርጥራጭ ብረትም ፍጻሜው ያው ምድጃ ነው። ሁለቱም ክምሮች አንድ ጥያቄ ያስነሳሉ፦ በውስጣቸው ጦርነት የተወው ያልፈነዳ ተተኳሽ ቢኖርስ?

ጥያቄው ለኢሉባቦር ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ከተያዘች በኋላ ጎሬ ለጥቂት ወራት የመንግሥት መቀመጫ ሆና ነበር፤ የጣሊያን ጦር የገባባት በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር በጋምቤላና በሳዮ (በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ) ግንባር ከጣሊያን ጦር ጋር ተዋግቷል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት፣ እንዲሁም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው የሰሜኑ ጦርነት በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ያልፈነዱ ተተኳሾችን ትተዋል። ብረት ደግሞ ተሸጦ ከቦታ ወደ ቦታ ይሄዳል።

ዝገት ፈንጂን አያከሽፍም

ብዙዎች «ያረጀና የዛገ ስለሆነ አይፈነዳም» ይላሉ። ኬሚስትሪ ይህን አይደግፍም። የተለመደው የመድፍ ጥይት ሙሌት ቲ.ኤን.ቲ. ነው። ማገዶ ለመንደድ የአየር ኦክስጅን ያስፈልገዋል፤ ቲ.ኤን.ቲ. ግን ኦክስጅኑን በራሱ ሞለኪውል ውስጥ፣ ከናይትሮጅን ጋር ተጣምሮ ይዞታል። ስለዚህ በታሸገ ቀፎ ውስጥም ይፈነዳል። በውኃ እምብዛም ስለማይሟሟ የኢሉባቦር ረጅም ክረምት እንኳ አጥቦ አይጨርሰውም። የፍንዳታው ማዕበል በሴኮንድ ወደ 6,900 ሜትር ይጓዛል።

አንዳንዱ ፈንጂ እንዲያውም ሲያረጅ ይብሳል። በቀድሞዎቹ ጦርነቶች ለሙሌት ያገለግል የነበረው ፒክሪክ አሲድ ከእርሳስ፣ ከመዳብና ከብረት ጋር ሲዋሐድ ፒክሬት የተባሉ ጨዎችን ይፈጥራል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በግጭትና በፍትጊያ በቀላሉ ይፈነዳሉ። የፊውዙ መቀስቀሻ ቅመምም ከመጀመሪያው ለምት ስስ ነው። በመዶሻ መምታት፣ በመጋዝ መቁረጥ ወይም በእሳት ማጋል እርሱን መቀስቀስ ማለት ነው።

ጉምሩክ ምን ማየት ይችላል?

በጉምሩክ ጣቢያ መጀመሪያ ሰነዱ ይመረመራል፦ ብረቱ ከየት መጣ? ከጦርነት ቀጠና ነውን? ቀጥሎ ኮንቴይነሩ በራጅ ይታያል። ሆኖም ለብርቱ የፍተሻ ራጅ ጨረር እንኳ በየ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የብረት ውፍረት ጥንካሬው በግማሽ ይቀንሳል። ጨረሩ 30 ሴንቲ ሜትር ጥቅጥቅ ብረት ቢያቋርጥ 10 ጊዜ ተገምሶ ከ1,024 አንድ እጅ ብቻ ይተርፋል። በዚያ ላይ የመድፍ ጥይት ቀፎ ራሱ ብረት ስለሆነ በብረት ክምር መካከል ተመሳስሎ ይሰወራል። ከጨርቅ መካከል ሽጉጥ ማየትና ከብረት መካከል ብረት መለየት አንድ አይደሉም።

እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2004 በሕንድ ጋዚያባድ በአንድ የብረት ፋብሪካ ከውጭ በገባ ውዳቂ ብረት ውስጥ የነበረ ተተኳሽ ፈንድቶ 10 ሠራተኞች ሞተዋል። ጭነቱ ወደብን አልፎ፣ አገር አቋርጦ፣ ከማቅለጫው ደጃፍ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሕንድ መንግሥት ተፈጭቶ ያልደቀቀ ውዳቂ ብረት መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት የተመረመረበትን የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አስገደደ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የመጨረሻው መፈተሻ ብቻውን አይበቃም፤ ብረቱ በተሰበሰበበትና በተጫነበት ቦታ፣ ገና በተናጠል በሚታይበት ጊዜ መመርመር አለበት።

ለመቱም ይኸው ይሠራል። የመጀመሪያው ፈታሽ ቆራሌው፣ ገበሬው፣ ቀጥቃጩ፣ ብረት ለቅሞ የሚሸጠው ልጅ ነው። ክንፍ ያለው፣ ጫፉ የሾለ ወይም ግራና ቀኙ የታሸገ እንግዳ ብረት ሲያጋጥም አለመንካት፣ ካለበት አለማንቀሳቀስ፣ ሰው ማራቅ፣ ቦታውን ከርቀት ማመልከትና ለፖሊስ ማስታወቅ ይገባል። በጉምሩክ መጋዘንም ሥርዓቱ ከዚህ አይለይም፤ ማራገፉ ቆሞ ቦታው ለፈንጂ ባለሙያዎች ይለቀቃል። በኪሎ የሚገኘው ገንዘብ የአንድ እጅ ዋጋ አይሆንም።

ለመወያያ

1. ከላይ በተሰጠው ስሌት መሠረት 15 ሴንቲ ሜትር ብረት ያቋረጠ ጨረር ምን ያህሉ ይተርፋል?
2. ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ ወደ 1,700 እጥፍ ይሰፋል። ፈንጂ ያልሆነ ነገር ግን ውኃ ያለበት የታሸገ ሲሊንደር ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወደጋለ ምድጃ ቢገባ ምን ይከተላል?
3. ቲ.ኤን.ቲ. በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ታዲያ ቀፎውን አሙቆ ሙሌቱን ማፍሰስ ስለ ፊውዙ ካነበባችሁት አንጻር ለምን ሕይወት ያስከፍላል?