በአፍንጫ የሚረጭ የራስ ምታት መድኃኒት፦ ከመጠቀማችን በፊት ማወቅ ያለብን

የዛሬው የጤና ትምህርታችን በየቤቱ ስለሚያጋጥመን ነገር ነው። አንዷ እህት ራሷን ሲያማት ለማዳም ትናገራለች። ማዳምም በደግነት ከራሷ መሳቢያ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ታወጣና “እኔን ወዲያው ነው የሚያሽለኝ፣ አንቺም ውሰጂ” ትላታለች። ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ለእሷ የታዘዘ መድኃኒት ለአንቺ ይሆናል ማለት አይደለም።

1. መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ማይግሬን ብዙዎቻችን ፍልጠት የምንለው ዓይነት ከባድ ራስ ምታት ነው። ብዙ ጊዜ ግማሽ ራስን ይዞ ይመታል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ለዚህ ከሚሰጡት አንዱ ሱማትሪፕታን ይባላል፤ ኢሚግራን በሚል ስምም ይሸጣል። ክኒን ስትውጥ ለሚያስመልሳት ሰው በአፍንጫ መሆኑ ይጠቅማል።

መድኃኒቱ የደም ሥርን ያጠብባል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ የልብን የደም ሥርም ሊያጠብብ ይችላል። ልቡ ጤነኛ ለሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ ለታመመ ልብ ግን አደገኛ ነው።

ራስ ምታት ሁሉ ደግሞ ማይግሬን አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ ረኀብ፣ ውኃ አለመጠጣት፣ የለመዱትን ቡና ማጣት፣ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት የክሎር ሽታ፣ እነዚህ ሁሉ ራስ ያሳምማሉ። የእነዚህ መፍትሔ ይህ መድኃኒት አይደለም። መጀመሪያ መስኮት ክፈቺ፣ ውኃ ጠጪ፣ እህል ቅመሺ፣ ትንሽ ጋደም በዪ።

2. ከመርጨትሽ በፊት ራስሽን ጠይቂ

ሀ. ማይግሬን መሆኑን ሐኪም ነግሮኛል?
ለ. ደም ብዛት፣ የልብ ሕመም ወይም የጉበት ሕመም አለብኝ? ስትሮክ አግኝቶኝ ያውቃል? ደም ብዛትሽን ተለክተሽ የማታውቂ ከሆነ መጀመሪያ ተለኪ። ስኳር ወይም ኮሌስትሮል ካለብሽ፣ የምታጨሺ ከሆነ፣ ወይም በቤተሰብሽ የልብ ሕመም ካለ ለሐኪም ንገሪ።
ሐ. እርጉዝ ነኝ ወይስ አጠባለሁ?
መ. ሌላ መድኃኒት እወስዳለሁ? ኤርጎታሚን ያለበት ክኒን፣ ለምሳሌ ካፈርጎት፣ ከወሰድሽ 24 ሰዓት ሳይሞላ ይህን አትርጪ። የድብርት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነም ሳትናገሪ አትጀምሪ። አፍረን የምንደብቀው መድኃኒት ነው ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያመጣው።
ሠ. ሰልፋ የተባለው መድኃኒት አለርጂክ ይሆንብኛል?

ከእነዚህ አንዱን እንኳ ከተጠራጠርሽ አትርጪ፣ ጠይቂ።

3. ሐኪም ካዘዘልሽ

አፍንጫሽን ተናፈጪ። ጠርሙሷ ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነች ለሙከራ አትጫኚያት፣ መድኃኒቱ ያልቃል። በአንድ በኩል ብቻ ይረጫል። ለአዋቂ ሰው በ20 ሚሊግራሙ ከሆነ ሁለተኛው የሚረጨው፣ መጀመሪያ አሽሎሽ ሕመሙ ከተመለሰ ብቻ ነው፤ ያውም ቢያንስ ከ2 ሰዓት በኋላ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2 ጊዜ አይበልጥም። የመጀመሪያው ምንም ካልረዳሽ ለዚያው ሕመም አትድገሚ።

ከረጨሽ በኋላ ሊያዞርሽ ወይም እንቅልፍ ሊያመጣብሽ ይችላል። ስለዚህ መሰላል ላይ አትውጪ፣ መስኮትና በረንዳ አትጥረጊ። “ማዳም፣ መድኃኒት ወስጃለሁ፣ መስኮቱን ነገ” ብትዪ ነውር አይደለም።

መድኃኒቱ እንዳያመኝ ተብሎ በየቀኑ የሚወሰድ አይደለም። በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ፓናዶልም በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከተወሰደ እንደዚሁ ነው።

4. ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ

ከረጨሽ በኋላ ደረትሽን፣ አንገትሽን ወይም መንጋጋሽን ጨምድዶ ከያዘሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ እንደገና አትርጪ፣ እርዳታ ጥሪ። ራስ ምታቱ እንደ መብረቅ በድንገት ከመጣ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለው፣ ወይም አንድ ጎንሽ ከደከመና ምላስሽ ከተሳሰረ፣ ማይግሬን ነው ብለሽ አትተኚ። በሊባኖስ ያለሽ እህት የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ140 ታገኚያለሽ። የሥራ ፈቃድሽ ሲወጣ አሠሪሽ የሕክምና ኢንሹራንስ ሊገባልሽ ስለሚገባ፣ ወረቀቱ የት እንዳለ ሳትታመሚ ጠይቂ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

5. ፋርማሲ ስትሄዱ የሚረዱ ቃላት

ዐንዲ ደግጥ — ደም ብዛት አለብኝ
አነ ሓሚል — እርጉዝ ነኝ
ሰድሪ ዐም ዩጀዕኒ — ደረቴን ያመኛል

እህቶች፣ ጸሎት ሐኪምን አይከለክልም፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ይህን ወረቀት ስልክ ለሌላትና እሑድ መውጣት ለማትችል እህት አድርሱላት።

ለውይይት፦ ማዳም መድኃኒት ስትሰጠን ሳናስቀይማት እንዴት እንመልስ? ከመካከላችን ደም ብዛቷን ተለክታ የማታውቅ ማን ናት?

እግዚአብሔር ጤናችሁን ይጠብቅ። አሜን።