ኪስ፣ ቁልፍና የጥጥ ድርሻ፦ በጉምሩክ የልብስ ታሪፍ አመዳደብ ላይ አጭር ዳሰሳ

መግቢያ

ወደ አንድ አገር በሚገባ ልብስ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ በዋናነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በዋጋው፣ በስሪት አገሩና በታሪፍ ምድቡ። ከሦስቱ ምደባው ብዙውን ጊዜ የጉምሩክ አስተላላፊዎች የዕለት ሥራ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው መከራከሪያ ግን ምደባ ከወደብ ሥራ የሰፋ መሆኑን ነው። ጉምሩክ የሚጠይቀው ልብሱ በገበያ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሳይሆን፣ ሊለካና ሊታይ የሚችል ምን ባሕርይ እንዳለው ነው። በመሆኑም የቀረጡ መጠን በአብዛኛው የሚቆረጠው ዕቃው ወደብ ከመድረሱ አስቀድሞ፣ ጨርቁ ሲመረጥና ልብሱ ሲነደፍ ነው። ለማሳያነት የተወሰደው የአሜሪካ ታሪፍ ነው፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ የአልባሳት ኢንዱስትሪ ከፍተኛ ተስፋ የጣለው በዚያ ገበያ ላይ ስለነበር ነው።

የምደባው ቅደም ተከተል

ዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ የሚመራው በዓለም ጉምሩክ ድርጅት ሥር በሚተዳደረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሃርሞናይዝድ ሲስተም ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ለተዋዋይ አገሮች ሁሉ የጋራ ናቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አገር የራሱን ዝርዝር ይጨምራል፤ አሜሪካ እስከ አሥር አኃዝ ትደርሳለች። የኢትዮጵያ ታሪፍም በዚሁ ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ነው።

የሥርዓቱ የመጀመሪያው የመተርጎሚያ ደንብ እንደሚደነግገው የክፍሎችና የምዕራፎች ርዕስ ለአመልካችነት ብቻ ያገለግላል፤ ሕጋዊ ኃይል ያላቸው የታሪፍ ቁጥሮቹ ቃላትና የክፍልና የምዕራፍ ማስታወሻዎች ናቸው። በዚህ መሠረት መዳቢው ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይመልሳል። በመጀመሪያ፣ ልብሱ ከምን ተሠራ? የቆዳ ልብስ ወደ ምዕራፍ 42፣ የጨርቃ ጨርቅ ልብስ ወደ ክፍል 11 ይሄዳል። ቀጥሎ፣ ጨርቁ እንዴት ተሠራ? በሹራብ ወይም በኪሮሽ ሥራ የተሠራው በምዕራፍ 61፣ የተሸመነው በምዕራፍ 62 ይመደባል። ከዚያ በኋላ የልብሱ ዓይነት፣ የለባሹ ጾታና የፋይበሩ ዓይነት ይለያሉ።

የክብደት ድንጋጌ

ከተለያዩ ፋይበሮች የተሠራ ልብስ በክብደት ብልጫ ካለው ፋይበር ብቻ እንደተሠራ ይቆጠራል። ድንጋጌው ቀላል ይመስላል፤ አተገባበሩ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለምሳሌ 45 በመቶ ጥጥ፣ 30 በመቶ ፖሊስተርና 25 በመቶ ቪስኮስ የሆነ ሹራብ እንውሰድ። ከሦስቱ ትልቁን ድርሻ የያዘው ጥጥ ነው። ይሁን እንጂ የክፍል 11 ማስታወሻ 2 አስቀድሞ ምዕራፉ፣ ቀጥሎም በምዕራፉ ውስጥ ያለው ቁጥር እንዲለይ ያዛል፤ የሰው ሠራሽ ፋይበሮችን የያዙት ምዕራፍ 54 እና 55 ደግሞ ከሌላ ምዕራፍ ጋር ሲነጻጸሩ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ፖሊስተርና ቪስኮስ ስለሚደመሩ ሰው ሠራሹ 55 በመቶ ይሆናል፤ ሹራቡም የሰው ሠራሽ ፋይበር ልብስ ሆኖ ይመደባል።

የዚህ ውጤት በገንዘብ ሲተመን ከፍተኛ ነው። በአሜሪካ መደበኛ ታሪፍ በቁጥር 6110 ሥር የሚመደብ የጥጥ ሹራብ በአብዛኛው 16.5 በመቶ፣ የሰው ሠራሽ ፋይበር ሹራብ ደግሞ 32 በመቶ ይከፍላል። የ100,000 ዶላር ጭነት ቢሆን ልዩነቱ 15,500 ዶላር ነው። መለያውን ሳያነብ በእጁ የሚዳስስ ሸማች ሁለቱን ላይለያቸው ይችላል።

የቅርጽ መስፈርቶች

ማስታወሻዎቹ ቅርጽን የሚመለከቱ ዝርዝር መለኪያዎችም አሏቸው። የምዕራፍ 61 ማስታወሻ 4 እንደሚለው ከወገብ በታች ኪስ ያለው ልብስ በሹራብ ሸሚዝነት በቁጥር 6105 ወይም 6106 ሊመደብ አይችልም። ቢያንስ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ስፋት ላይ ተቆጥሮ በአንድ ሴንቲ ሜትር በአማካይ ከ10 ያነሱ የክር ቀለበቶች ያሉትም እንዲሁ ከቁጥሮቹ ውጭ ይሆናል። የጥጥ ሹራብ ሸሚዝ በአሜሪካ 19.7 በመቶ ስለሚከፍል፣ ከእነዚህ በአንዱ ምክንያት ወደ ቁጥር 6110 የተሻገረ ልብስ ቀረጡ ወደ 16.5 በመቶ ዝቅ ይላል።

ጾታም የሚለየው በአዘጋግ ነው። ከፊት የሚዘጋ ልብስ ግራ ጎኑ በቀኙ ላይ ከተደረበ የወንድ፣ ቀኙ በግራው ላይ ከተደረበ የሴት ይባላል፤ የልብሱ አቆራረጥ ለሌላው ጾታ መሠራቱን በግልጽ ካመለከተ ግን ይህ አይሠራም። የማን እንደሆነ ሊለይ የማይችለው የሴት ሆኖ ይመደባል። ይህ ድንጋጌ ስለ ለባሾች ልማድ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ዓላማው በሁለት ወደቦች የሚሠሩ ሁለት መዳቢዎች አንድ ዓይነት ውሳኔ ላይ እንዲደርሱ ማድረግ ነው።

ልብስ ወይስ ብርድ ልብስ?

ማስታወሻዎቹ የማይፈቱት ጥያቄ ሲነሳ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ያመራል። ስናጊ የተባለው እጅጌ ያለው መሸፈኛ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአሜሪካ ጉምሩክ ልብስ ነው በማለት በ14.9 በመቶ መደበው፤ አስመጪው ብርድ ልብስ በመሆኑ 8.5 በመቶ ሊከፈልበት ይገባል ሲል ተከራከረ። የአገሪቱ ዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ለአስመጪው ወሰነ። እጅጌ መኖሩ ብቻውን ዕቃውን ልብስ አላደረገውም። በአማርኛ «ብርድ ልብስ» ስንል ሁለቱን በአንድ ስም እናስተሳስራለን፤ በታሪፍ ግን በሁለት ምዕራፎች ተለያይተው ይገኛሉ።

አንድ አምራች ዝቅተኛ ቀረጥ ለማግኘት ዕቃውን በዚሁ መሠረት ቢነድፍስ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1882 በስኳር ላይ በተነሳው የሜሪትና የዌልሽ ክርክር፣ አምራቹ ማታለል እስካልፈጸመ ድረስ ዕቃውን ለታሪፉ እንዲስማማ አድርጎ መሥራቱ ጥፋት እንዳልሆነ አመልክቷል። ሕጋዊው ወሰን ያለው በእውነተኛ ንድፍና በሐሰተኛ ዲክላራሲዮን መካከል ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

ኢትዮጵያ የአጎዋ ተጠቃሚ በነበረችበት ጊዜ መስፈርቱን ያሟላ ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ ነበር። ስለዚህ የጥጥና የሰው ሠራሽ ፋይበር ልብስ የቀረጥ ልዩነት በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ኢንዱስትሪ ፓርኮች ለሚሠሩ ላኪዎች ብዙም አይሰማም ነበር። አገሪቱ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከዕድሉ ስትወጣ መደበኛው ታሪፍ ተፈጻሚ ሆነ። ሸክሙም በሁሉም ላይ እኩል አላረፈም፤ የጥጥ ቲሸርት ላኪ 16.5 በመቶ ሲገጥመው የሰው ሠራሽ ፋይበር ቲሸርት ላኪ 32 በመቶ ገጠመው። የዕድሉ መታጣት በጥቅል «የአልባሳት ዘርፍ ጉዳት» ተብሎ ሲጠና ይህ ልዩነት ይሰወራል። የጉዳቱ መጠን ሊታወቅ የሚችለው ኤክስፖርቱ ቢያንስ በስድስት አኃዝ ደረጃ ሲተነተን ነው።

ማጠቃለያ

የልብስ ታሪፍ ምደባ ከትክክለኛ ገለጻ ይልቅ ወጥ ውሳኔን የሚያስቀድም ሥርዓት ነው። በዚህ የተነሳ የኪስ ቦታ፣ የቁልፍ አቅጣጫና ጥቂት ግራም ፋይበር ከልብሱ አገልግሎት በላይ ሊመዝኑ ይችላሉ። ተግባራዊ ትምህርቱም ግልጽ ነው፦ ለውጭ ገበያ የሚያመርት ፋብሪካ የታሪፍ ቁጥሩን ከጭነት ሰነድ ዝግጅት በፊት፣ ጨርቅ ከማዘዙ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። ተመራማሪውም ስለ ንግድ ዕድልና ስለ ተወዳዳሪነት ሲጽፍ ከጥቅል የዘርፍ አኃዝ ይልቅ ከታሪፍ ቁጥሩ ቢነሳ ይበልጥ የታመነ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።