የበዓል ዶሮ ወጥና የማድ ቤት ጥንቃቄ

በአገራችን የባለሙያ ሴት ሙያ ከሚፈተንባቸው ሥራዎች ዋነኛው ዶሮ ወጥ ነው። ዶሮው በ12 ብልት ተገንጥሎ፣ በሎሚና በጨው እየታሸ፣ ውሃው ጥሩ እስኪሆን ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል። ይህ ንጽሕናን ከመውደድ የመጣ ልማድ ነው። ነገር ግን ለዓይን ንጹሕ መስሎ መታየትና ከጀርም መንጻት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ፣ በዚህ ወር ትምህርታችን ከመክተፊያው እስከ ማዕዱ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ እንመለከታለን።

ጥሬ ዶሮ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉትን፣ በዓይን የማይታዩትን ተሐዋስያን ብዙ ጊዜ ይዞ ይገኛል። ሎሚና ጨው ሽታውን ያስወግዳሉ እንጂ እነዚህን ጀርሞች ጨርሰው አይገድሉም፤ የሚገድላቸው እሳት ነው። ነገር ግን በእጥበቱ ጊዜ ጀርሙ በፍንጣቂው ውሃ፣ በእጅና በቢላዋ ተሸጋግሮ፣ እሳት በማይነካው ምግብ ላይ ያርፋል።

የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ዶሮ ካጠቡት ሰዎች ከመቶው 26ቱ ጀርሙን ወደ ሰላጣው አሻግረው ተገኝተዋል። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ዶሮውን ሳያጥቡ ካበሰሉትም ከመቶው 31ዱ እንዲሁ ማድረጋቸው ነው፤ እጃቸውን በሚገባ አልታጠቡም ነበርና። እንግዲህ ዶሮው ታጠበም አልታጠበም፣ ዋናው ነገር ከነካነው በኋላ እጅንና ዕቃን በሳሙና ማጠብ ነው።

እኔም ትምህርቴን በውጭ አገር ፈጽሜ በተመለስሁበት ዓመት፣ በፋሲካ ዋዜማ ከእናቴ ማድ ቤት ቆሜ ነበር። ዶሮው በተገነጠለበት መክተፊያና ቢላዋ ቲማቲምና ቃርያ ሲከተፍ አየሁ። የተማርሁትን ባውቅም፣ በእናቴ ሙያ ገብቼ ለመናገር ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልሁ። በማግሥቱ የ4 ዓመት የእኅቴ ልጅ ያስመልሰውና ያስቀምጠው ጀመር፤ ለ3 ቀንም ሁላችንን አስጨነቀን። ምርመራ ስላልተደረገ ምክንያቱ ያ ሰላጣ ነበር ብዬ በእርግጥ ልናገር አልችልም። ልጁም ዳነ። ነገር ግን ዝምታዬን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ ያን ቀን ያልተናገርሁትን ዛሬ ለአንባብያን እናገራለሁ።

1ኛ/ ሰላጣው አስቀድሞ ይታጠብ፣ ይከተፍ፣ ተከድኖም ይቀመጥ፤ ዶሮው ከዚያ በኋላ ይነካ። ሁለት መክተፊያ ያለው ሰው አንዱን ለጥሬ ሥጋ ብቻ ይለየው።

2ኛ/ ዶሮው የሚታጠብ ከሆነ፣ በሚወርድ የቧንቧ ውሃ ሥር ሳይሆን ጎድጓዳ በሆነ ሳፋ በዝግታ ይታጠብ። እጣቢውም ሳይረጭ ይደፋ።

3ኛ/ ከዚህ በኋላ እጅ 20 ሰከንድ ያህል በሳሙና ይታሽ። ሳፋው፣ ቢላዋውና መክተፊያው በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥበው ይድረቁ።

4ኛ/ ሥጋው ከአጥንቱ አጠገብ ቅላት እስኪጠፋ ድረስ ይብሰል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱን ይመልከት።

5ኛ/ የተቀቀለው እንቁላል ሲላጥ በእጅ ስለሚነካ፣ ወጡ ከወረደ በኋላ ሳይሆን ገና ሲፈላ ይጨመር።

6ኛ/ ወጡ በንጹሕ ማንኪያ ይቀመስ እንጂ፣ ማማሰያው በምላስ ተነክቶ ወደ ድስቱ አይመለስ።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የጊዜ ነገር ነው። የፋሲካ ወጥ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከእሳት ወርዶ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቢበላ በመካከሉ 7 ሰዓት አለ። አንዳንድ ጀርሞች ዘራቸው ከእሳት ይተርፋል፤ ወጡ ለብ ሲልም ይነቃሉ። ሁኔታው የተመቸው አንድ ጀርም በየ20 ደቂቃው እጥፍ እየሆነ ቢራባ፣ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ስለዚህ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ በእሳት ላይ ይቆይ፤ ወይም በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ፣ ዕቃውም ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ተቀምጦ ቶሎ ይቀዝቅዝና ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። ትልቅ ድስት እንደ ሞላ ቢቀመጥ መካከሉ ለብዙ ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ሲበላም ለብ ማድረግ አይበቃም፤ እየተማሰለ እስከ መካከሉ ይፍላ። ሆኖም ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ፣ አንዳንዱ ጀርም አስቀድሞ የተወውን መርዝ አያጠፋምና፣ ሲያድር በውጭ የቆየውን ወጥ መጣል ይሻላል።

ምናልባት ልጅ ተቅማጥ ቢይዘው፣ የሚገድለው የውሃ ማለቅ መሆኑን አንርሳ። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እስኪገኝ ድረስ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ያልተቆለለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ይገባል። ደም የታየበት፣ የፈዘዘ ወይም መጠጣት ያቃተው ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

መምህራን ይህን የ20 ደቂቃ ስሌት ለተማሪዎቻቸው በሰሌዳ ላይ ቢያሠሩት፣ ሒሳቡ ከትምህርት ቤት ወደየማድ ቤቱ ይደርሳል። የእናቶቻችን ሙያ አልጎደለም፤ የሚጨመርበት አንድ ሳሙናና አንድ ሰዓት ብቻ ነው።