ለማስተማርና ለትምህርት ቤት ድጋፍ ሥራ የሚቀርብ ሲቪ አጻጻፍ



የተከበራችሁ ለጋሾችና ቤተሰቦች፤ የቲምን መርዳት ደብተርና ልብስ በመግዛት ይጀመራል እንጂ በዚያ አያበቃም። ልጁ በጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ሠልጥኖ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲመለስ፣ ሥራ የሚጠይቅበት ወረቀት ጉድለት ካለበት የብዙ ዓመት ልፋት በአንድ ገጽ ይሰናከላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ስም። አንዳንድ የቲሞች ትምህርት ቤት ሲገቡ በአሳዳጊ አጎታቸው ስም ይመዘገባሉ። ሰው ያሳደገው ልጅ በወላጅ አባቱ ስም እንዲጠራ በሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ ታዟል። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን የመታወቂያውና የዲፕሎማው ስም ካልተስማማ ማስረጃው ጥያቄ ይነሳበታል። ይሁን እንጂ በሲቪው ላይ ስምን በራስ ፈቃድ መቀየር መፍትሔ አይሆንም። በማስረጃው ላይ ያለው ስም ይጻፍ፤ ለውጡም በፍርድ ቤት ይጠየቅ። ልጁ ገና ተማሪ ከሆነ አሳዳጊው ዛሬውኑ ጉዳዩን ቢጀምር ይሻላል። «ሙሐመድ» እና «መሀመድ» እየተባለ የሚለዋወጥ አጻጻፍም እንዲሁ አንድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ዘመን። በእኛና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ልዩነት አለ። ሰኔ 2014 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በእንግሊዝኛው ሲቪ 2022 ብሎ ይጽፋል። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ሳይመረቅ የተቀጠረ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ከማስታወቂያው ጋር መስማማት። ለመምህርነት የሠለጠኑበት የትምህርት ዓይነትና የክፍል ደረጃ ይቅደም። ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለመዝገብ ቤት ሥራ ግን የኮምፒዩተር ችሎታና ሰነድ አያያዝ ጎልቶ ይታይ።

አራተኛ፣ የሥራ ልምድ። በመድረሳ ሕፃናትን ማስቀራት እውነተኛ ልምድ ነውና አይደበቅ። «ሕፃናት አስተምሬአለሁ» ብቻ ከማለት የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ልጆችን እንዳስተማሩ ይገለጽ፤ ከመድረሳው ኃላፊም የድጋፍ ደብዳቤ ይያዝ። ነገር ግን በደመወዝ ያልሠሩትን በደመወዝ እንደሠሩ መጻፍ ውሸት ነው፤ በሐሰት የተገኘ እንጀራም በረካ የለውም።

በመጨረሻም ሲቪው ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ከመቅረቡ በፊትም ፊደል የሚያውቅ ሌላ ሰው ያንብበው። ገንዘብ መስጠት ያልቻለ ወንድም ወይም እኅት ለአንድ የቲም ሲቪውን አንብቦ ቢያርምለት ይህም ሰደቃ ነው።

አላህ ልጆቻችንን በሐላል ሥራ የሚጠቀሙ ያድርጋቸው። ኣሚን።